በመጽሐፉ መሐል የቀረ ማንኪያ

ሶልያና የወደደችውን ልቦለድ ሳትጨርሰው ለሰፈሩ ታወራለች፤ ታላቅ እህቷ ምንትዋብ ግን የወደደችውን በሆዷ ይዛ ዝም ትላለች። ዝም የምትለው ፈርታ ነው። በዚያ ዘመን ሰው ስለሚወደው ልቦለድ ለአንባቢ ባልንጀሮቹ አስተያየት ሲሰጥ፣ መጽሐፉን ያነበበበት ወይም የተነበበለት ጊዜ ትዝታ ከእርሱ ወጥቶ ለሰሚዎቹ ይከፋፈል ነበር። ሶልያና «ምን አለበት፣ ደግሜ አነበዋለሁ» ትል ነበር።

ቅዳሜ ከንባብ ክበቡ እየሳቀች ገባች።

«ስለዚያች በጀልባ ተደብቃ ስለጠፋችው ልጅ ነገርኳቸው! ወደ ቤቷ አለመመለሷ ትክክል ነው ብል ሊበሉኝ ደረሱ!»

 ያን መጽሐፍ በልጅነታቸው ታነብላቸው የነበረችው ሟች እናታቸው ናት።

ሶልያና መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውርዳ ስትገልጠው የሻይ ማንኪያ ወደቀ። «ኧረ ይሄን ማን ከተተው? አባዬ፣ አንተ ነህ አይደል?» አለችና ልታጥበው ወሰደችው።

 እናታቸው ንባቧን ያቆመችበትን ገጽ የምታመለክተው በዚያ ማንኪያ ነበር፤ ከሞተች ወዲህ ማንም ነክቶት አያውቅም። ውሃው ሲንሿሿ ምንትዋብ ሁለቱንም ጠራቻቸው።

«ኑ፣ ተቀመጡ» አለች። «እኔ ከእማዬ ጋር ገበያ ወርጃለሁ፣ ሠርግ ሄጃለሁ። ሶሊ ነፍስ ያወቀችው ግን እማዬ አልጋ ከያዘች በኋላ ነው፤ ከዚያ መጽሐፍ ሌላ ከእማዬ ምንም ትዝታ አልነበራት። ዛሬ ስለ መጽሐፉ የእኔን አስተያየት ለእሷ ብቻ እነግራታለሁ፤ ትዝታዬ ሳይከፋፈል ወደ እሷ ይሂድ። ማንኪያውን ወደ ቦታው መልሱት፤ ነገ እኔ አውጥቼ ባጥበው ግን አትቆጡኝ።»