ሦስተኛው ልጅ

«የእማማን የሕይወት ታሪክ እኔ ነኝ የማነበው! የገደሉትን አጎቴንም በስሙ እጠራዋለሁ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ካልጣመው ጆሮውን ይድፈን!» እያለች ለአክስቷ ልጆች ስትፎክር ነበር ያረፈደችው።

ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም፣ የአያቷ የሬሳ ሳጥን አጠገብ ቆማ ወረቀቱን ዘረጋች። ሰማንያ አራት ዓመት ኖረው ስምንት ልጆች መውለዳቸውን ጮክ ብላ አነበበች። የመጀመሪያውን ልጅ ጠራች፤ ሁለተኛዋንም ጠራች። ቀና ስትል ሊቀመንበሩ ከነሽጉጡ ፊት ለፊቷ ቆሟል። ቀጥሎ ያለው፣ እንዳይለቀስለት የተከለከለው የአጎቷ ስም፣ አውራ ጣቷ ሥር ነበር፤ ጣቷን ብታነሳ በቃ፣ ይነበባል። ጣቷ እምቢ አለ። እንባዋ እየወረደ አራተኛውን ልጅ ጠራች።

አክስቷ ወረቀቱን ነጠቀቻት።

«እናቴ እስር ቤቱ በር ላይ፣ ጠመንጃ ተደቅኖባት በስሙ ትጠራው ነበር። አንቺ ከወረቀት ማንበብ አቃተሽ?»