ከግድግዳው የወጣ አሸን

ናኪሙሊ መጥበሻውን በሁለት እጇ አቅፋ እየሮጠች መጣች። "ጃጃ፣ ዘንድሮ ኩይሳ ድረስ መሄድ ቀረልን። አሸኑ ራሱ ቤት ድረስ መጣልን።"

አያቷ ናልዎጋ ጎንበስ ብላ አየች። ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድ አድሯልና አሸን መውጣቱ አላስገረማትም። ያስደነገጣት መጠኑ ነው። የኩይሳው አሸን ወፍራም ነው፤ መጥበሻ ላይ በገዛ ቅባቱ ይንጫጫል። ይኼ ግን የሩዝ ፍሬ እንኳ አያክልም።

"ከየት ለቀምሽው፣ ልጄ?"

ከመኝታዋ አጠገብ፣ ከግድግዳው ሥር መሆኑን ናኪሙሊ ነገረቻት። አሁንም እየወጣ ነው። አባቷ ሳይደርስ በጨው ይጠበስልኝ አለች።

አሸን ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው፤ ይኼኛው ደግሞ እንጨት የሚበላው ምስጥ ሊሆን ይችላል። ልጇ ካግዋ፣ የናኪሙሊ አባት፣ ዛሬ ረፋዱ ላይ ከካምፓላ ይመጣል። ባለፈው ሲመጣ፣ እዚህ ቤት ምስጥ ከገባ አንድ ቀን አታድሪም፣ ጠቅልዬ እወስድሻለሁ ብሏት ነበር። እሷም ካንተ መኪና የኔ ምሰሶ ይቆያል ብላ አሳቀችው።

ናልዎጋ ወደ ልጅቷ ክፍል ገብታ በጉልበቷ ተንበረከከች። መሬቱ ላይ የረገፈውን ክንፍ በጣቷ ለየችው፤ አራቱም እኩል ናቸው፣ እንደ ምስጥ ክንፍ። አንዱን አሸን አንስታ ወገቡን አየች። ቀጭን ቢሆን ክንፋም ጉንዳን ነው ብላ በተገላገለች። ቀጥ ያለ ወፍራም ነው። ከምሰሶው ሥር ዱቄት ፈለገች፤ ዱቄት ካለ ነቀዝ ነው፣ ነቀዝ ደግሞ በላምባ ይሞታል። ዱቄት የለም። የልብስ ሳጥኑን ገፋ ስታደርግ፣ እርሳስ የምታክል የጭቃ መንገድ ከመሬት ተነሥታ ምሰሶውን ይዛ ወጥታለች። በጥፍሯ ሰበር አደረገቻት። ነጫጭ ምስጦች ተተራመሱ።

ይህን ምሰሶ የተከለው ሟች ባሏ ሴምዋንጋ ነው። ባገባት ዓመት ከጓሮ ያለውን ኩይሳ በሽማግሌ ፊት፣ "ከዛሬ ጀምሮ የእሷ ነው፤ ያለ እሷ ፈቃድ ማንም አይመታበትም" ብሎ ሰጣት። በአሸን ወራት ከኩይሳው ግራና ቀኝ ተቀምጠው ደረቅ እንጨት በዱላ ይመታሉ፤ አሸኑ ዝናብ መስሎት ተታሎ ይወጣል። እሷ ስትቸኩል እሱ ይስቅባታል። "ቀስ በይ እንጂ፣ ይኼ ዝናብ ነው ወይስ ከብቱ የተበተነበት ሰው?" ይላታል። ያን ጊዜ እጇ አይደክምም ነበር። ያን ጊዜ አሸን ማለት ጥጋብ ብቻ ነበር።

ለዚህ ነው የተሞኘችው። አምናም ከዚሁ ክፍል እፍኝ የማይሞላ ወጥቶ ነበር። በረከት ቤት ድረስ መጣ ብላ፣ በገዛ እጇ ጠብሳ ልጅቷን አበላቻት። ግድግዳውን ዞር ብላ አላየችም።

ምሰሶውን በጣቷ አጥንት መታ መታ አደረገችው። ድምፁ የደረቀ ቅል ድምፅ ነው።

ክንፉን ብትጠርገው፣ የጭቃውን መንገድ ብትፍቀው፣ ሳጥኑን ወደ ቦታው ብትመልሰው፣ አሸኑን ደግሞ ጠብሰው ቢበሉት ካግዋ ምን ያውቃል? እዚሁ ከባሏ መቃብር አጠገብ ትኖራለች። ይህን እያሰበች ቀና አለች። ምሰሶው የጣሪያውን አግዳሚ ተሸክሟል። ከአግዳሚው ሥር የናኪሙሊ ፍራሽ ተነጥፏል።

የመኪና ድምፅ ከሙዙ ማሳ ወዲያ ተሰማ።

"ጃጃ፣ ጨው የት ነው?"

"ጨውን ተይው። ይልቅ ነይ፣ በዚያ በኩል ያዥልኝ።"

ካግዋ ከመኪናው ሲወርድ፣ እናቱና ልጁ ፍራሹን እየጎተቱ ከበር ሲወጡ አገኛቸው። ምን ሆናችሁ ብሎ ጠየቀ። ናልዎጋ በአገጯ ወደ ውስጥ፣ ወደ ምሰሶው አመለከተችው። ፍራሹን ፀሐይ ላይ፣ ሣሩ ላይ ዘረጋችውና ትንፋሿን እስክትሰበስብ ቆማ አየችው። መሃሉ ላይ፣ ተጠቅልላ የተኛች ትንሽ ልጅ ገላ ጎድጓዳ ሠርቷል።