የፈረሱ ቀለም

በፊልሙ ላይ ጥቁር ፈረስ የጋለበው ጀግና ዘንዶውን በጦር ወግቶ ከወርቁ ክምር ላይ ሲጥለው፣ ወይዘሮ ለተብርሃን በቀበሌው አዳራሽ መካከል ብድግ ብለው እልልታቸውን አቀለጡት። ወዲያው መብራት በራ። እጃቸው ከአፋቸው ሳይወርድ ቀረ። ሊቀመንበሩ ፊቱን አኮሳተረ። «እልልታው ለማን ነው? ለቅዱሳን ከሆነ፣ እዚህ ክልክል መሆኑን ያውቃሉ!»

ልጃቸው ብርኽቲ ተነሣች። የክፍሏ አንደኛ በመሆኗ ፊልሙን እንድትሄስ የተመረጠችው እርሷ ነበረች፤ አሁን ግን መልሷ ካላማረ እናቷ ወደ ቤት እንደማይመለሱ ገባት። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እናቴ እልል ያሉት ጨቋኙ ስለወደቀ ነው። የፊልሙ ጠንካራ ጎንም ይኸው ነው፤ ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ዘንዶ እሳት ሲተፋ ወንበሩን ያልጨበጠ ማን አለ?» የእናቷ እጅ ገና አልወረደም ነበር።

«ደካማ ጎኑስ?»

«ልዕልቲቱ! ጦሩ አጠገቧ ተደግፎ ሳለ፣ እጇን አጣምራ አዳኝ ትጠብቃለች!»

አዳራሹ ሳቀ። «ሌላስ?» አለ ሊቀመንበሩ ለዘብ ብሎ። ወይዘሮ ለተብርሃን ይህን ጊዜ አላስቻላቸውም። «ፈረሱ ነዋ! ያን ሁሉ ገንዘብ አፍስሰው ነጭ ፈረስ እንዴት ያጣሉ?»

ብርኽቲ ዓይኗን ጨፈነች።

«እሱስ እውነትዎን ነው» አለ ሊቀመንበሩ ከልቡ ተቆርቁሮ፤ «የጊዮርጊስ ፈረስ መቼ ጥቁር ሆኖ ያውቃል!»

ያለውን የሰማው ካለው በኋላ ነው። እጁ ሳያስበው ወደ አፉ ሄደ። ወይዘሮ ለተብርሃን አዩት፤ የራሳቸውንም እጅ አዩ።

«በል እንግዲህ፣ ጓድ» አሉት፣ «አብረን እልል እንበላ!»