የሲስተር አያልነሽ ዕረፍት

«እማዬ፣ ሲስተር ሕመሜን ስትወስድልኝ እሷን ማን ያስታምማታል?» ብላ ሆስፒታል የተኛችው ልጇ ምንታምር ስትጠይቃት፣ ደብሪቱ ብርድ ልብሷን አስተካከለችላት።

በዚያ ዘመን የመንግሥት ሆስፒታል ነርሶች የታማሚውን ሕመም እንደ ጫጩት በመዳፋቸው አቅፈው ወደየቤታቸው ይወስዱት ነበር፤ እዚያም በገላቸው ውስጥ ቀስ ብሎ ይበርዳል።

አንድ ቀን ሲስተር አያልነሽ የጋዋኗን ቁልፍ መቆለፍ አቃታት። ደብሪቱ ቆለፈችላት።

«ማኅበራችን እሑድ እሑድ እንድናርፍ ከታማሚ ቤተሰቦች ፊርማ እያሰባሰበ ነው» አለቻት ነርሷ። «ግን እሑድ ሕመሙ ከልጅሽ ጋር ይውላል። ይህን ሳልነግርሽ አላስፈርምሽም።»

«ጣቴን ቀለም ውስጥ ልንከር?» አለች ደብሪቱ።

«የጎልማሶች ትምህርት የምትሄጂው ለወሬ ነው እንዴ? ጻፊ እንጂ።»

ደብሪቱ ልጇን አየች። ከዚያ ስሟን ፊደል በፊደል ጻፈች።

እሑድ ሲስተር አያልነሽ ቤቷ ሄደች። ደብሪቱ የምታቃስት ልጇን አቅፋ እዚያው ቀረች።