ሰማያዊ የታዘዘው ኦራል

ሙሐመድሳኒ በጨረታ የገዛው ኦራል ከጦር ሠራዊት የወጣ አሮጌ የጭነት መኪና ነበር። ደብረ ማርቆስ የገባ ዕለት ሰው ሁሉ ጥግ ጥግ ይዞ አሳለፈው። ሸራውም የወታደር ቀለሙም ገና አልተነሣለትም ነበር።

ሚስቱ ሀጀራ ገበያው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት። ረጅም ሴት ናት፤ ሰው መሀል ስትቆም ከወንዶቹ በላይ ትታያለች። መኪናውን ዞር ዞር ብላ አየችውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ እህል የሚጭን መኪና ወታደር መምሰል የለበትም፣ ሰማያዊ ይቀባልኝ አለች። ባሏም እሺ አላት።

ኦራሉ አማኑኤል ከተማ ከሚገኘው ከእንዳላማው ጋራዥ ገባ። እንዳላማው በያጅም መካኒክም ነው። ሸራውን ከነብረቱ አወረደ፣ ወታደሮቹ ይቀመጡባቸው የነበሩትን አግዳሚዎች ነቀለ፣ የጤፍ ጆንያ የሚያቅፍ ከፍ ያለ ስፖንዳ በየደለት። እስከዚህ ድረስ ሀጀራ ሁሉንም ታውቅ ነበር።

መኪናው ተሠርቶ ሲመጣ ግን ቀለሙ አረንጓዴ ነው። የወታደሩ አረንጓዴ እንኳ አይደለም፣ የቡቃያ አረንጓዴ።

ሙሐመድሳኒ በሩን በመዳፉ ዳሰስ አደረገና «ይኸው፣ እንዳዘዝሽው» አላት።

ሀጀራ ፊቱን አየች። አልሳቀም። ልጅ ወልደው ልጅ እስኪድሩ አብረው ሲኖሩ እንዲህ አሹፎባት አያውቅም። ወደ ሱቋ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሌላውንም ማስተዋል ጀመረች። ሲያወራት ዐይኗን አያይም፤ በትከሻዋ በኩል አልፎ ግድግዳውን ነው። ለኢድ እጇን ሂና ተቀብታ፣ ወርቃማ ጥልፍ ያለው አዲስ ሻሽ አሰረች። በፊት ቢሆን ገና ከጓዳ ሳትወጣ የሚላት ነገር ነበረው። ያን ዕለት ሻዩን ጠጥቶ ተነሣ። ከጓደኞቹ ጋር ማምሸቱንም ትቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ይገባል። ይህንን እንኳ እንደ በጎ ነገር ቆጥራለት ነበር።

ኦራሉ እንደገና ጋራዥ ገባ። ምን ጎደለው ብላ ብትጠይቀው ትንሽ ማስተካከያ ነው አላት።

በዚያው ሰሞን እህቷ ቢልቂስ ከአዲስ አበባ ስትመለስ አውቶቡሱ ለምሳ ደጀን ላይ ቆመ። ሙሐመድሳኒ እዚያ ምግብ ቤት ከአንዲት ወጣት ሴት ጋር ተቀምጦ ነበር። ቢልቂስ ለእህቷ ስትነግራት ነገሩን ለማቅለል ሞከረች፤ የንግድ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ ሰውን በችኮላ መጠርጠርም ኃጢአት ነው አለቻት። ማቅለል ያቃታት አንዱ ብቻ ነው።

«ፊት ለፊት አየኝ» አለች። «እንደማያውቀኝ ሰው ወሬውን ቀጠለ።»

በማግሥቱ ሀጀራ ወደ አማኑኤል ሄደች። የኦራሉ ጋቢና ተከፍቶ ነበር። የሾፌሩ መቀመጫ ወደ መሪው ቀርቧል። ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ ላይ አጭር እግር እንዲደርስባቸው ብረት ተጨምሮባቸዋል። መስኮቱ ላይ ባለ አበባ መጋረጃ ተሰቅሏል። በሌላው በር በኩል ደግሞ ሰፊ መርገጫ ተበይዶ ነጭ ተቀብቷል፤ ከጎኑም ወፍራም የእጅ መያዣ አለው። ሙሽራ የሚያወጡበት ይመስላል።

«መቀመጫው በማን ልክ ነው?» አለችው።

እንዳላማው ንጹሑን እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ባሌ ረጅም ነው። እኔም ረጅም ነኝ» አለችው።

«እትዬ ሀጀራ፣ እንዳልነግርዎት አደራ ብለውኛል።»

«እንግዲያው አትንገረኝ። ሴት ናት?»

«ሴት ናት።»

ከዚያ በኋላ አደራው አልቆመለትም። ስሟ ቶይባ እንደሆነ፣ የደጀን ልጅ እንደሆነች፣ ለመቀመጫው ልክ ራሷ መጥታ እንደተለካች፣ ቅዳሜ ደብረ ኤልያስ ገበያ አብረው እንደሚወጡ ነገራት። ስለ ቀለሙም፣ ሰማያዊው ጠፍቶበት በራሱ ፈቃድ አረንጓዴ እንደቀባው ማስረዳት ጀምሮ ነበር። ሀጀራ ግን የመጣችበትን ሰምታለች፤ አልጠበቀችውም።

ቅዳሜ ሱቋን አልከፈተችም። ለቢልቂስ የነገረቻት ይህን ነው፤ እፊታቸው ቆማ ትናገራለች፣ ከዚያ ወንድሟ ቤት ትገባለች፣ የቀረውን ሽማግሌ ይጨርሰዋል። መንገዱን ሁሉ ቃሏን ስታሰናዳ ሄደች። መጀመሪያ ስድቡን ተወችው። ቀጥሎ እርግማኑን ተወችው። ደብረ ኤልያስ ስትደርስ አፏ ውስጥ የቀረው አንድ ቃል ነበር፤ ፍታኝ።

አረንጓዴውን ኦራል ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለጋትም። ከገበያው ዳር ቆሟል። ከመሪው በኩል አንዲት አጭር ወጣት ዘልላ ወረደች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ሙሐመድሳኒን አንድ ነገር ብላው ሳቀችና ወደ እህል ነጋዴዎቹ ሄደች። እሱ ነጩ መርገጫ ላይ ተቀምጦ ቀረ። የለበሰው ሸሚዝ ሀጀራ ጠዋት የተኮሰችው ነው። ያ ሸሚዝ ከሁሉም ይልቅ አንገበገባት።

ገበያውን በቀጥታ አቋርጣ ሄደች። ጉልበቱ ቀሚሷን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ፣ በጠራራ ፀሐይ እፊቱ ቆመች። እስኪደነግጥ ጠበቀችው። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር።

ሙሐመድሳኒ ቀና አለ፤ ጭጋግ ውስጥ ሰው እንደሚፈልግ ዐይኑን አጠበበ። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊት ለፊት አያት፤ ለደንበኛ በሚስቀው ሳቅ ፈገግ አለ።

«ወንድሜ» አላት፣ «ጭነት ካለህ ሾፌሯ አሁን ትመለሳለች፤ ማን መጣ ልበላት?»