ለድምፁ አልከፍልም

ሰውየው ሚስቱን አስከትሎ ፒያሳ ካለ ኮምፒውተር ቤት ገባ። የፈለገው ሁሉ ነገሩ ከስክሪኑ ጋር አብሮ የተሠራ፣ ረከስ ያለ የቤት ኮምፒውተር ነበር። ሐዋሳ የምትማር ልጃቸውን በዚያች ጠባብ ስልክ ማየት እናትየውን አስመርሯታል። ሻጩ ግን ከገቡ ጀምሮ ድምፅ፣ ድምፅ፣ ድምፅ!

«ፋዘር፣ ስፒከሩ አንደኛ ነው! አምስት ሺህ የጨመረው እኮ በሱ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ አማርኛ አይገባህም? የስክሪኑን ስፋትና ካሜራውን አሳየኝ አልኩህ! ለድምፁ አምስት ሳንቲም አልከፍልም!»

«አንዴ ብቻ ይስሙት!»

ሻጩ ዘፈን ከፍቶ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀው። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ደንግጦ ዞረ። በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ የቆመችው ሚስቱ ብቻ አልዞረችም።

የሰውየው ደም ፈላ። ሄዶ ትከሻዋን ነካ አደረጋትና አምጥቶ፣ ካሜራውን አስከፍቶ ፊቱ አቆማት። እሷም እጆቿን አንስታ፣ ልጇን እንደምታናግረው ሁሉ፣ በጣቶቿ «ምሳ በላሽ?» አለች። አሥሩም ጣቶቿ አንድም ሳይቆረጥ ስክሪኑ ላይ ታዩ።

ሰውየው ወደ ሻጩ ዞረ።

«አሁን አምስት ሺህዋን ቀንስ!»