የጥላዬ ጣት ስጦታ

የጣትን ሙያ ወደ ሌላ ሰው ጣት ማዛወር ከተቻለ ወዲህ፣ የሰጪው ጣት ባዶውን ይቀራል። ጥላዬ አርባ ዓመት በጊታር የገራውን ሙያ ለናሆም ከሰጠ ጀምሮ ሸሚዙን የምትቆልፍለት ሚስቱ የሺመቤት ናት፤ የምታጎርሰውም እሷው።

ናሆም የምትኩ ልጅ ነው። ምትኩ ድሮ የሙዚቃ ውድድር ዳኛ ሳለ ጥላዬን፣ «በዚህ የገበሬ ጣት ክላሲካል?» ብሎ በሰው ፊት ከመድረክ አውርዶታል። ዘንድሮ ያንኑ ጣት ለልጁ ደጅ ጠንቶ ወሰደ። ጥላዬም ዓይኑን ሳያሽ ሰጠ። ከመስጠቱ በፊት ግን ናሆም ሊወዳደርበት ያለውን ዜማ መጨረሻ ሆን ብሎ እየሳተ ስድስት ወር ተለማመደ፤ ጣቱ ስህተቱን እስኪወደው ድረስ።

ማድሪድ ላይ፣ በዓለም ወጣቶች ውድድር የመጀመሪያ ዙር፣ ናሆም ጊታሩን እንደ ሰው አናገረው። መጨረሻው ላይ ሳተ። ደገመው፤ ደግሞም ሳተ። አዳራሹ ሳቀበት።

ወዲያው ጥላዬ ቤት ስልክ ተደወለ። የሺመቤት አንስታ በባሏ ጆሮ ላይ ያዘችለት።

«ጋሼ፣ ጣቴ እምቢ አለኝ!» አለ ናሆም እያለቀሰ። «ነገም የምጫወተው ይህንኑ ነው። እንዴት እንደማርመው ያሳዩኝ!»

«በየትኛው ጣቴ ላሳይህ?» አለ ጥላዬ። «ይልቅ ስልኩን ለአባትህ ስጥልኝ፤ ሲለምን ልስማው።»